የእመቤታችን ሥዕል፤ አሠራሩና ትርጓሜው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንድናሰማ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ምን ነገር እንናገር ብለን በክፍላችን ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ተከራክረናል። ከመካከላችን ስለ ጎሊና ወንዝ መስኖ እንናገር ያሉ ነበሩ፤ ስለ ማሽላና ስለ ተምች እንናገር ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ለቆላችን የሚጠቅሙ አርእስት መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን በዚህ ዓመት በከተማችን ውስጥ ከገበያ እስከ ጠበል፥ ከጠበል እስከ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ የሚነጋገርበት አንድ ጉዳይ ስላለ፥ እኛም ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ጉዳዩም ይህ ነው። በከተማችን ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ፥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የነበረው የእመቤታችን ሥዕል በጣሪያው ፍሳሽና በምስጥ ምክንያት ከወገብ በታች ጠፍቷል። እንግዲህ እንደገና በሠዓሊ እጅ ይሠራ፥ ወይስ ከአዲስ አበባ የታተመ ሸራ ተገዝቶ ይሰቀል? ክርክሩ በዚህ ላይ ነው። የታተመው ሸራ ዋጋው ቀላል ነው፤ በአውቶቡስ ተጭኖ በማግስቱ ይደርሳል። ሠዓሊው ግን ቀለብና ማደሪያ ተሰጥቶት ወራት ይፈጃል። ስለዚህ አንዱ ወገን «የተረፈው ገንዘብ ለቆርቆሮ ይዋል፤ ጣሪያው ካልተጠገነ አዲሱም ሥዕል ይበሰብሳል» ይላል። ይህ ቃል የሞኝ ቃል አይደለም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አባቶቻችን በእጅ ያሣሉትን እኛ በመኪና በታተመ አንለውጥም» ይላል። በዚህም ምክንያት ባለፈው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ለብዙ ዓመት አብረው ማኅበር የጠጡ ሰዎች ሳይሰነባበቱ ተለያይተዋል።

እኛ ገና ከትምህርት ገበታ ያልተነሣን ልጆች ስለሆንን በሽማግሎች መካከል ገብተን ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን ስለ አንድ ሥዕል ከመከራከር በፊት ሥዕሉ ምን እንደሆነ፥ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል ብለን ስላመንን፥ ያነበብነውንና ጠይቀን የተረዳነውን እናቀርባለን። በመጨረሻም የራሳችንን ሐሳብ አንደብቅም።

በአገራችን የእመቤታችን ሥዕል በብዙ ዓይነት ይሣላል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የሚባለው ነው፤ ከተወደደ ልጅዋ ጋር ማለት ነው። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አይተነዋል፤ ነገር ግን አስተውለን እንዳላየነው የተረዳነው ዓይናችንን ጨፍነን በቃል ለመንገር በሞከርን ጊዜ ነው። ልጅዋን በየትኛው ክንዷ ነው የታቀፈችው? በክፍላችን ግማሹ በቀኝ ነው አለ፤ ግማሹ በግራ ነው አለ። በግራ ክንዷ ነው። ቀኝ እጅዋን በግራ እጅዋ ላይ አሻግራ ትይዛለች፤ ከቀኝ እጅዋ ጣቶች ሁለቱ ተዘርግተው ወደ ታች ያመለክታሉ፤ በእጅዋም መሐረብ አለ። ሕፃኑ በግራ እጁ መጽሐፍ ይዞ በቀኝ እጁ ይባርካል። እርሱ ወደ እናቱ ቀና ሲል እርስዋ ግን የምትመለከተው ወደ እኛ ነው። ከበስተ ኋላዋ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው፥ ክንፋቸውን እንደ ድንኳን ዘርግተው ይቆማሉ።

ስለ ቀለሙና ስለ ምልክቱ ለመጠየቅ፥ ግድግዳውን ለማየት ከላስታ ወገን ወደ መጡት ሠዓሊ ዘንድ አራት ሆነን ሄድን። እሳቸው በድጓና በቅኔ ያደጉ ደብተራ ናቸው፤ ስማቸው በመጽሔት እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አንጠራቸውም።

«የኔታ፥ ከላይ ያለው ልብስ ሰማያዊ የሆነው ስለ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ሰማይን የምታዩት ከላያችሁ አይደለም? አምላክን የተሸከመች ስለሆነች ሁለተኛ ሰማይ ትባላለች፤ እንግዲያው ሰማዩን አለበስናት» አሉን።

«ከውስጥ ያለው ቀዩስ?»

«ስምዖን አረጋዊ በቤተ መቅደስ የነገራትን አላነበባችሁም? በነፍስዋ ሰይፍ እንደሚያልፍ ነግሯት የለም? ኀዘኑ ከውስጥ ነው፤ ከላይ አይታይም።»

ሌሎች ሊቃውንት ግን ቀዩን ለንግሥናዋ ይሰጡታል። በአንድ ቀለም ላይ ሁለት ትርጓሜ መኖሩ፥ መጻሕፍትን «አንድም፥ አንድም» እያለ ሲተረጉም ለኖረ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በራስዋ መጐናጸፊያና በትከሻዋ ላይ የሚሣሉት ኮከቦች ሦስት በሆኑ ጊዜ ደግሞ ከመውለዷ በፊት፥ በወለደች ጊዜና ከወለደች በኋላ ድንግል መሆንዋን ያመለክታሉ። በመሐረቡ ላይ የኔታ ብዙ አልተናገሩም። ከመጻሕፍት እንዳገኘነው ግን በጥንት ሮማውያን ዘንድ እንደዚህ ያለ መሐረብ የታላላቅ ሹማምንትና የነገሥታት ምልክት ነበረ፤ ስለዚህ መሐረቡ ንግሥት ናት ማለት ነው።

ስለ ዓይን የነገሩን ነገር ደግሞ እጅግ አስደስቶናል። በቀድሞው ሥርዓት ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጥእ፥ ሰይጣንና ከሓዲ ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይሁዳን በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ላይ ብትፈልጉት አንድ ዓይን ያለውን እዩ፤ እርሱ ነው። (ይህን ከሰማን ጀምሮ በጉርድ ፎቶግራፉ ላይ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረ አንድ ጓደኛችን ስሙ ተለውጦበታል፤ አሁን በአዳራሹ ውስጥ ስላለ አናሳፍረውም።) የእመቤታችን ዓይኖች ትልልቅ ሆነው የሚሣሉትም ሠዓሊው ልክ ማውጣት ስላቃተው አይደለም። የምታይ፥ የምትሰማ፥ የምታማልድ መሆንዋን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው የእመቤታችንን ሥዕል መጀመሪያ የሣለው ወንጌላዊው ሉቃስ ነው። መስከረም 10 ቀን የሚከበረው የጼዴንያ ማርያም በዓልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጼዴንያ በሶርያ አገር በደማስቆ አጠገብ ያለች ስፍራ ስትሆን፥ ታሪኩ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ሴት አንድን መነኵሴ ከኢየሩሳሌም ሥዕል ገዝቶ እንዲያመጣላት እንደ ለመነችው፥ መነኵሴውም በመንገድ ከአደጋ ከዳነ በኋላ ሥዕሉን ለራሱ ሊያስቀር እንደ ተመኘ ይናገራል። ይህን ታሪክ በተአምረ ማርያም ስናነብ አንድ ነገር አስተውለናል። ሥዕሉ የመጣው በግዢ ነው! ስለዚህ «ሥዕል በገንዘብ አይገዛም» የሚሉት ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

በአገራችን የእመቤታችን ሥዕል ከሁሉ ይበልጥ የተስፋፋው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፥ ተአምርዋም በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ አዘዙ። በዚያው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኵሴ በጣና ሐይቅ ይኖር ነበር። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው፥ እመቤታችንን ከልጅዋና ከመላእክት ጋር በትልቅ ገበታ ላይ የሣለው እርሱ ነው፤ ስሙንም ጽፎበታል። ከቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ስማቸው የታወቀው እጅግ ጥቂቶች ስለሆኑ ይህ ታላቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ሥዕሎች ላይ እመቤታችን በእጅዋ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ይዛ፥ ሕፃኑም ወፍ ይዞ ይታያሉ፤ አሁን እኛ የምናውቀው አሣሣል ገና አልመጣም።

በዚሁ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኰሳት ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ብዙ መከራም ተቀበሉ። ይሁን እንጂ የእነርሱ ገዳም ጉንዳ ጉንዶ በብራና ሥዕሎቹ ውበት በዓለም የታወቀ ሆነ። እኛ ታናናሾቹን ክፍሎች በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች ይህን ስናነብ ብዙ አስበናል። በዚያ ትምህርት ቤት ከዐሥሩ ትእዛዛት ውስጥ በመጀመሪያ በቃላችን ካጠናናቸው አንዱ ስለ ተቀረጸ ምስል የሚናገረው ነበርና። ጥያቄውን ለየኔታ ባቀረብንላቸው ጊዜም አልተቈጡም። «ያው ያዘዘው አምላክ ለሙሴ በታቦቱ ላይ ሁለት ኪሩቤል እንዲያደርግ አላዘዘምን? ዘፀአት 25ን አንብቡ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ኑ» አሉን። አነበብን፤ እንዳሉትም ሆኖ አገኘነው። ለእንጨቱና ለቀለሙ የሚሰገድ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ባረጀ ጊዜ ሰው ሁሉ ባዘነ ነበር እንጂ ሌላ ባላሣለም ነበር አሉን፤ ክብሩ ወደ ባለቤትዋ ያልፋል።

ከመካከላችን አንዱ ሙስሊም ጓደኛችን አብሮን ሄዶ ነበር። ከቁርኣን ምዕራፎች 19ኛው በመርየም ስም እንደሚጠራ በነገራቸው ጊዜ የኔታ «እንዲያውም አንተ ከእነዚህ ይልቅ ታውቃታለህ» ብለው አሳቁን። በራያ ቆላ ያለን ሰዎች በሠርግም በሐዘንም አብረን ስለምንኖር ይህ ለእንግዳ ካልሆነ በቀር ለእኛ የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ግራ ክንድ ነገር እንመለስ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኔሲያ ሰው ወደ አገራችን መጥቶ ለብዙ ዓመት ሥዕል ሠራ፤ ኢትዮጵያውያን መርቆሬዎስ ብለው ይጠሩት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢትዮጵያን የጐበኘው የስኮትላንዱ ሰው ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ይህ ሠዓሊ ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ስለ ሣለ ሕዝቡ ተቈጣ፤ ግራ እጅ የማይከብር እጅ ነውና። ወሬው እንዳለ እውነት ይሁን ወይም ተጨምሮበት ይሁን፥ የሚደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በሮም ከተማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። እ.ኤ.አ. በ1569 የጀስዊቶች ማኅበር አለቃ ፍራንቸስኮ ቦርጃ ከፓፓ ጲዮስ 5ኛ ፈቃድ አግኝቶ ሥዕሉን አስቀዳ፤ ቅጂዎቹም ሚስዮናውያን ወደ ሄዱባቸው አገሮች ሁሉ ተላኩ። ወደ እኛም አገር ደረሰ። በዚያ ሥዕል ላይ ያለውን ልንገራችሁ፤ ሕፃኑ በግራ ክንድ ላይ ነው፤ መጽሐፍ ይዟል፤ የእናቲቱ እጆች ተሻግረዋል፤ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፤ መሐረብ አለ፤ በትከሻዋም ላይ ኮከብ አለ። ያው የእኛው ምስለ ፍቁር ወልዳ ነው!

ጀስዊቶቹ ራሳቸው ምን እንደ ደረሰባቸው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ትምህርታቸው ተጣለ፤ መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። ሥዕሉ ግን ቀረ። መቅረት ብቻ አይደለም፥ የጐንደር ሠዓሊዎች እጅግ ወደዱት፤ መልኳን የእኛን አገር ሴት መልክ አደረጉት፤ መላእክቱን ጨመሩ፤ ልብስዋን በጐንደር ቤተ መንግሥት በሚለበሰው ሐር አስጌጡት። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያን ሥዕል አይቶ ከሮም የመጣ ነው የሚል ሰው ማን ነው?

ይህ ነገር ለእኛ በተለይ ልባችንን ነክቶታል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በግድግዳው ላይ የነበረችው ማርያም ጠጕርዋ ወርቅ የመሰለ፥ ፊትዋ ነጭ፥ አንገትዋ ዘንበል ያለ ነበረች። ከቤታችን ስንመለስ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለችው ዓይነ ትልቋ፥ ጠይሟ፥ ፊት ለፊት የምታይ ነበረች። ልጆች ስለ ነበርን ሁለት ማርያም ያለች ይመስለን ነበር። አሁን ግን ሁለቱ እኅትማማች ሥዕሎች መሆናቸውን፥ የእኛይቱ ግን ወደዚህ መጥታ አማርኛ እንደ ተማረች ተረድተናል።

አሠራሩን በሚመለከት የኔታ ብዙ አሳዩን። ሥዕሉ በእንጨት ላይ የሚሠራ ከሆነ ጥሩው ዕንጨት ዋንዛና ወይራ ነው። የቀድሞ ሰዎች ገበታውን ከአንድ ግንድ ፈልፍለው፥ ዳር ዳሩን እንደ ክፈፍ ከፍ አድርገው ያወጡት ነበር፤ ስለዚህ ክፈፉ አይላቀቅም። ብዙ ጊዜም ሁለት መዝጊያ ይደረግለታል። በላዩ ላይ ጀሶ ከቆዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ተለውሶ ይቀባል፤ ሲደርቅ ይለሰልሳል፤ እንደገና ይቀባል። ከዚያ በከሰል ይነደፋል።

በግድግዳ ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ በደንብ ይለሰናል፤ ሲደርቅም የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፍበታል፤ ሥዕሉ የሚሠራው በጨርቁ ላይ ነው። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ መርምረው የኔታ ሲፈርዱ፥ ጨርቁ የተላቀቀው ምስጥ ጭድ ፍለጋ ከሥር ስለ ወጣ መሆኑን ነገሩን። በደጋ አገር ይህ ያን ያህል አያስቸግርም፤ በእኛ ቆላ ግን ሙቀቱ ልስኑን ይሰነጥቃል፥ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ግድግዳው በድንጋይና በሲሚንቶ እንዲሠራ፥ ጨርቁም ከዚያ በላይ እንዲጀምር ይፈልጋሉ። የቆርቆሮውን ነገር የሚያነሡት ወገኖቻችን ይህን ይስሙልን፤ ጣሪያው ሳይጠገን የኔታም ብሩሽ አያነሡም።

ስለ ቀለማቱ የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ ረዱን እናመሰግናቸዋለን። ጥቁሩ ከጥላሸት ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ነጩ ከራሱ ከጀሶው ነው። ቀዩ አንዳንዱ ከቀይ አፈር ሲሆን፥ ደማቁ ግን ከውጭ አገር ይመጣ ከነበረው ሲናባር ከሚባለው ማዕድን ነው፤ ይኸውም ሜርኩሪና ሰልፈር የተዋሐዱበት ነው። ቢጫው ደግሞ ሰልፈር ከአርሴኒክ ጋር የተዋሐደበት ማዕድን ስለሆነ መርዝ ነው፤ ሠዓሊ ብሩሹን በከንፈሩ እንዳያሾል ይጠንቀቅ! ሰማያዊው ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል ይወጣ ነበር። አረንጓዴ ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ ቢጫውንና ኢንዲጎውን ያዋሕዱ ነበር። ዛሬ ግን የኔታም ቢሆኑ በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም ከወልድያ ይገዛሉ፤ ይህንንም አልደበቁንም። «አፈር ስፈጭ ዕድሜዬን አልጨርስም» አሉ።

ንድፉ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ መደቡ ይቀባል፤ ቀጥሎ ልብሱ፤ ከዚያ ፊትና እጅ። የኔታ ዓይንን የሚሠሩት በመጨረሻ ነው፤ በዚያም ቀን እህል አይቀምሱም፤ ማንም እንዲያነጋግራቸው አይወዱም። ሥዕሉ ካለቀም በኋላ ገና ሥዕለ አድኅኖ አይባልም፤ በጳጳስ ጸሎት ተባርኮ ቅብዐ ሜሮን ሲቀባ ነው። በመቅደሱ በምዕራብ በኩል፥ ሕዝቡ ሲገባ ፊት ለፊት በሚያየው ግድግዳ ላይ ይሆናል። ከአጠገቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይቆማል፤ የእመቤታችን ወዳጅ ስለሆነ ከእርስዋ አይለይም።

አሁን ስለ ታተመው ሥዕል ሐሳባችንን የምንገልጽበት ጊዜ ደርሷል። የታተመ ሥዕል ሁሉ ንቀት ይገባዋል ከሚሉት ጋር አንተባበርም፤ ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው፥ የጐንደር ሠዓሊዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም በዐረብኛ ከታተመው ወንጌል ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች እያዩ ብዙ ነገር ቀድተዋል። ማተሚያ መኪና ወደ አገራችን ሥዕል የገባው ዛሬ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት የአንዲት ጓደኛችን አያት ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ ቆላ በደረሰ ጊዜ እኒህ አያት ከቤታቸው ይዘውት የወጡት ትንሽ ቋጠሮ እህልና አንድ የእመቤታችን ሥዕል ብቻ ነበር። ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው በደረታቸው ይዘው ብዙ መንገድ በእግራቸው ተጓዙ። ሥዕሉ ከገበያ የተገዛ የታተመ ወረቀት ነው። ዛሬ አንድ ማዕዘኑ ተቀዷል፤ ላብም አደብዝዞታል። የልጅ ልጃቸው «አዲስ ልግዛልዎ» ብትላቸው «ይህች አብራኝ የተሰደደችው ናት» ብለው እምቢ አሉ። እንግዲህ ይህን ወረቀት የሚንቅ ከመካከላችን የለም።

ይሁን እንጂ የቤት ግድግዳና የመቅደስ ግድግዳ አንድ አይደሉም እንላለን። የጐንደር ሰዎች የታተመውን ባገኙ ጊዜ ቆርጠው አልለጠፉትም፤ አይተው፥ አስበው፥ በገዛ እጃቸው እንደገና ሠሩት እንጂ። ምስለ ፍቁር ወልዳ የእኛ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሸራ ብናየው በኮምቦልቻም፥ በመቀሌም፥ በጅማም የሚሰቀለው አንድ ዓይነት ነው። በላስታ በገነተ ማርያም ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን የቀሩትን የግድግዳ ሥዕሎች ያየ ሰው ግን ሌላ ስፍራ ሄዶ ያንኑ አያገኝም። እኛም ከሮቢት በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ እያየ ያደገ ሰው የሣለው አንድ ግድግዳ ቢኖረን እንመኛለን።

ደግሞም የሙያው ነገር ያሳስበናል። የኔታ ከልጆቻቸው አንዱም ሙያቸውን እንዳልተማረ ነግረውናል። በአዲስ አበባ በአቶ አለ ፈለገ ሰላም አማካይነት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ታላላቅ ሠዓሊዎችን አፍርቷል፤ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥም እጅግ ብዙ የቀድሞ ሥዕሎች ተጠብቀው ይገኛሉ። ነገር ግን ሙዚየም ውስጥ ያለው ሥዕል ጨርቅ በግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ ለአንድ የሮቢት ልጅ አያስተምረውም። ይህን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቆርቆሮው ይቅደም፤ በዚህ የመጀመሪያው ወገን እውነት አለው። ከቆርቆሮው በኋላ ገንዘቡ ለሠዓሊው ባይበቃ፥ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናችንን እንደ ጨረስን ክረምቱን ጭቃ ለማቡካት፥ ጭድ ለማመላለስና መሰላል ለመያዝ በነጻ እናገለግላለን፤ የሠራተኛው ዋጋ ይቀነሳል። ሁለት ልጆች ደግሞ ቀለም መቀላቀልና ሙጫ ማፍላት ለመማር ተመዝግበዋል። ከእነርሱ አንዲቱ ሴት ናት። የኔታ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ኋላ ግን በትምህርት ቤት ደብተርዋ ላይ የሣለችውን ባሳየቻቸው ጊዜ «እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብለው ተቀበሏት። ሥራው በዚህ መልክ ቢጀመር ለነሐሴ 16 ቀን ለፍልሰታ ይደርስ ዘንድ አይታሰብም፤ ነገር ግን የሶለል ጨዋታ ልጃገረዶች ወገባቸውን በቄጠማ ታጥቀው በሚወጡበት በዚያ ሰሞን ቢያንስ መደቡ ተቀብቶ ያያሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ጉባኤው የሚሰበሰበው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የኔታ በከሰል የነደፉት የመጀመሪያው ንድፍ በአንድ ሜትር አቡጀዲ ላይ ተሠርቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በረንዳ ላይ ተሰቅሏል። መምህራንም፥ ወላጆችም፥ ተማሪዎችም ከዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሊያዩት ይችላሉ፤ ከበሩ ላይ ጫማ ይወለቃል፤ ከሰሉ በቀላሉ ስለሚደበዝዝ በእጅ እንዳይነካ አደራ ብለዋል።